መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ ዓሣው፦ በቱሉ ዲምቱና በአባ ሳሙኤል አካባቢ ለመዝናኛ የሚደረግ ዓሣ ማስገርና የዘላቂነት ጥያቄ

ቱሉ ዲምቱ በአፋን ኦሮሞ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። በባሌ ተራሮች የሚገኘው ታላቅ ጫፍም በዚሁ ስም ስለሚጠራ ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ ይምታታሉ። እዚህ የሚነሳው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኘው ሰፈር ነው። የከተማው ሰው ቱሉ ዲምቱን በአብዛኛው የሚያውቀው በኮንዶሚኒየም መንደሩና እ.ኤ.አ. በ2014 በተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ መግቢያ ነው፤ ከውሃ ጋር አያይዞ የሚያስበው ጥቂት ነው። ሆኖም ከሰፈሩ ብዙ ሳይርቅ የአቃቂ ወንዝ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ከወንዙ በታች ደግሞ በአገሪቱ ቀደምት ከሆኑት ሰው ሠራሽ ሐይቆች አንዱ፣ የአባ ሳሙኤል ግድብ ሐይቅ፣ ተንጣሎ ይገኛል። ሐይቁ ዓሣ አለው። መንጠቆና ክር ይዞ ለሚወርድ ሰው የቅርብ ውሃ ይኸው ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ለመዝናኛ ዓሣ የሚያሰግር ሰው በእንዲህ ያለ ውሃ ዳር «ዘላቂ» የሚባለውን ሥርዓት እንዴት ሊከተል እንደሚችል ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በሌላ አገር የተዘጋጁት መመሪያዎች እንዳሉ ሲወሰዱ አባ ሳሙኤል ላይ አይሠሩም። ጉድለቱ ያለው ከይዘታቸው ይልቅ በቅደም ተከተላቸው ላይ ነው።

ሁለት ዓይነት ቅደም ተከተል

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ1995 ኃላፊነት ለሚሰማው ዓሣ ማስገር የሥነ ምግባር ደንብ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ለመዝናኛ የሚደረገውን ማስገር ብቻ የሚመለከት ቴክኒካዊ መመሪያ አሳተመ። በዚህ መመሪያ አተረጓጎም ለመዝናኛ ማስገር ማለት የሚያዘው ዓሣ የአስጋሪው ዋነኛ የምግብ ምንጭ ያልሆነበት፣ በአብዛኛውም ለገበያ የማይቀርብበት ማስገር ነው። ትርጓሜው ለዚህ ጽሑፍ ወሳኝ ነው፤ ዓሣውን መብላትም መተውም የሚችለውን ሰው ዓሣው እራቱ ከሆነው ሰው ይለያልና። ለመጀመሪያው ሰው «መልሰህ ልቀቀው» ማለት ምክር ነው። ለሁለተኛው ግን ያው ቃል ጭካኔ ሊሆን ይችላል።

የመዝናኛ ማስገር ሥርዓቶች በአብዛኛው ከብዛት ይነሳሉ፦ ከዚህ መጠን በታች ያለ ዓሣ አይያዝ፤ በቀን ከዚህ ቁጥር በላይ አይወሰድ፤ በእርባታ ወራት ውሃው ይዘጋ፤ ከፍላጎት በላይ የተያዘው ይለቀቅ። ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ ያልተነገረ ግምት አለ፤ እርሱም ዓሣው ቢበላ አይጎዳም የሚል ነው። ሥርዓቱ ዓሣውን ከሰው ይጠብቃል፤ ሰውን ከዓሣው መጠበቅ የሌላ ሥራ ነው ተብሎ ይታለፋል።

የባሕር ዛጎል የሚለቅሙ አገሮች ሕግ ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ይጀምራል። በአውሮፓ ኅብረት አሠራር የዛጎል መልቀሚያ ሥፍራዎች አስቀድመው በደረጃ ይመደባሉ። በመቶ ግራም የዛጎል ሥጋና ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ቁጥር ከ230 ካልበለጠ ሥፍራው የመጀመሪያውን ደረጃ ያገኛል፤ ከዚያ ውሃ የተለቀመውም በቀጥታ ለምግብ ይቀርባል። እስከ 4,600 ድረስ ሲሆን ሁለተኛው ደረጃ ነው፤ ዛጎሉ በንጹሕ ውሃ ተዘፍዝፎ ራሱን እስኪያጠራ ወይም በተፈቀደ የሙቀት ዘዴ እስኪዘጋጅ ድረስ ለገበያ አይወጣም። ከባድ ዝናብ ጥሎ የከተማ ፍሳሽ ወደ ባሕሩ ሲገባ መልቀሚያው የሚዘጋባቸው አገሮችም አሉ። መጠኑ፣ ብዛቱና ወቅቱ የሚጠየቁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የልዩነቱ ምክንያት ሥነ ሕይወታዊ ነው። ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል የሚመገበው ውሃ በማጣራት ነው፤ አንድ ትልቅ ዛጎል በቀን በርካታ ሊትር ውሃ በሰውነቱ ያሳልፋል። ውሃው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ፣ አልጌና ብረት በሥጋው ይከማቻል። ስለዚህ ለቃሚው ወደደም ጠላም ከውሃው መጀመር ግዴታው ሆነ። ዓሣ አስጋሪው ይህን ትምህርት ያልወሰደው ዓሣ ስለሚንቀሳቀስና ንጹሕ ስለሚመስል ይሆናል። ከአዲስ አበባ በታች ባለው ውሃ ላይ ግን ትክክለኛው ቅደም ተከተል የዛጎል ለቃሚው ነው።

የአንድ ወንዝ ሁለት ጫፎች

ትልቁና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን ከሰሜን ተነሥተው በግራና በቀኝ አቋርጠው በአባ ሳሙኤል ይገናኛሉ። ከተማዋ ከሁለቱም ራስ ትጠጣለች፦ የገፈርሳ ግድብ በትንሹ አቃቂ ላይ፣ የለገዳዲና የድሬ ግድቦች ደግሞ በትልቁ አቃቂ ገባሮች ላይ ይገኛሉ። በላይኛው ጫፍ የመጠጥ ውሃ የሆነው ወንዝ ከተማዋን አቋርጦ እስኪወጣ ድረስ የቤት ፍሳሽ፣ የመጸዳጃ ቤት ዝቃጭ፣ የቆዳ ፋብሪካ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የጋራዥና የቄራ ተረፈ ምርት ይቀበላል። በትንሹ አቃቂ ዳር ባሉ የአትክልት ማሳዎች በተደጋጋሚ የተካሄዱ ጥናቶች በአፈሩም በቅጠላ ቅጠሉም ውስጥ ክሮሚየም፣ እርሳስና ካድሚየም ማግኘታቸው ለአካባቢ ሳይንስ ተማሪዎች አዲስ ነገር አይደለም።

የአባ ሳሙኤል ግድብ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከተጀመረው የኤሌክትሪክ ኃይል ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣቢያ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና ድጋፍ ታድሶ ሥራ ጀመረ። ግድቡ ለተርባይን ተሠራ እንጂ ለማጣሪያነት አልታሰበም፤ ነገር ግን ለብዙ ዘመን የከተማዋ ማጥለያ ሆኖ አገልግሏል። የሚሮጥ ውሃ የተሸከመው ደለል ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ይሰክናል፤ ከደለሉ ጋር የተጣበቀው ብረትም አብሮ ይቀመጣል። በዚህ ምክንያት የሐይቁ ወለል የአዲስ አበባ ኢንዱስትሪ ታሪክ በንብርብር የተጻፈበት መዝገብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከፎስፎረስና ከናይትሮጅን ብዛት የተነሣ ደግሞ በሐይቁ ላይ እምቦጭ ይንሳፈፋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የተመረቀው የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የማጣራት አቅም አለው። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም እንዲህ ያለ ጣቢያ የሚያጣራው በቧንቧ የደረሰውን ብቻ ነው፤ በየጎርፍ መውረጃው በቀጥታ ወንዝ የሚገባውን አያገኘውም። ደግሞም ጣቢያው በዋነኛነት የተሠራው የሚበሰብስ ቆሻሻን ለመቀነስ ነው። ቀድሞ የተቀመጠው ደለል ዛሬ ፍሳሹ ሁሉ ቢቆም እንኳ ከነብረቱ እዚያው አለ።

ዓሣ መኖሩ ስለ ምን ይመሰክራል?

«ውሃው ቢመርዝ ኖሮ ዓሣው አይኖርም ነበር» የሚለው አባባል በውሃ ዳር ከሚሰሙት ሁሉ አሳማኙ ይመስላል። በአባ ሳሙኤል ዓይነቱ ውሃ ላይ ግን ስሕተት ነው፤ ምክንያቱን ለማየት በእንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ የሚጸኑትን ዓሦች ማንነት ማጤን ይበቃል። አምባዛ ከመተንፈሻ ስንጥቡ በላይ አየር የሚስብበት ተጨማሪ አካል አለው፤ ውሃው ኦክስጅን ሲያጣ ብቅ ብሎ ከአየር ይተነፍሳል። ካርፕ ዝቅተኛ ኦክስጅንና ድፍርስ ውሃ ይችላል። ቆሮሶም ቢሆን ከብዙ ዓሦች ይልቅ ቻይ ነው። እነዚህ ሦስቱ በሕይወት መኖራቸው የውሃውን ንጽሕና አያረጋግጥም፤ ይልቁንም ደካሞቹ ዝርያዎች ቀድመው ጠፍተው ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል።

የኦክስጅኑ ጉዳይ በከፍታም የተነሣ ይባባሳል። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ውሃ በሊትር እስከ 9.1 ሚሊ ግራም ኦክስጅን መያዝ ይችላል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ በሆነ ሥፍራ ግን የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ያው ውሃ ሲሞላ የሚይዘው 7.1 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ፍሳሹ ሲበሰብስ ከዚሁ ላይ ይወስዳል፤ ሌሊት አልጌው ብርሃን አጥቶ በመተንፈስ ብቻ ሲቀር ደግሞ ይበልጥ ይወርዳል። በማለዳ የሚያዝ ዓሣ ትግሉን የሚጀምረው ከሌሊቱ በተረፈችው ጥቂት ኦክስጅን ነው።

በሰውነት ውስጥ የሚከማቸው ብረት በየአካል ክፍሉ እኩል አይሰራጭም። ካድሚየምና እርሳስ በጉበት፣ በኩላሊትና በስንጥብ ይበዛሉ፤ በሥጋው ውስጥ በአብዛኛው ዝቅ ይላሉ። ሜርኩሪ ግን ከሥጋው ጋር ስለሚተሳሰር ዓሣ የሚበላ ትልቅ ዓሣ ላይ ይከማቻል። የአውሮፓ ኅብረት ለዓሣ ሥጋ ያስቀመጠው ጣሪያ ለእርሳስ በኪሎ ግራም 0.30 ሚሊ ግራም ነው፤ የካድሚየሙ ለብዙዎቹ ዝርያዎች 0.05 ነው። ከዚህ ሁለት ተግባራዊ ነገሮች ይከተላሉ። የሆድ ዕቃውንና ጭንቅላቱን አውጥቶ መጣል ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ አያስወግድም። መቀቀልና መጥበስ ደግሞ ባክቴሪያና ጥገኛ ተውሳክ ይገድላሉ፤ ብረትን ግን አይነኩትም። ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የሚያመነጨው ማይክሮሲስቲን የተባለው የጉበት መርዝም ሙቀት የሚችል ነው። በሐዋሳ ዳር በአዋዜ የሚበላውን ጥሬ ዓሣ ለምዶ የመጣ ሰው በአባ ሳሙኤል ዳር ያንኑ ቢያደርግ ጉዳቱ ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ እሳት ሊያጠፋው የሚችለውንም እንኳ ሳያጠፋ ይውጣልና።

ሁለት ሕጎች የሚጋጩበት ዓሣ

የአባ ሳሙኤል ካርፕ የተለየ ትኩረት ይገባዋል። ካርፕ የኢትዮጵያ ተወላጅ አይደለም፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከጣሊያን መጥቶ የተለቀቀው በዚሁ በአባ ሳሙኤል ውስጥ መሆኑ በዓሣ ሀብት ጽሑፎች ተመዝግቧል። ዛሬ ቆቃንና ዝዋይን በመሳሰሉ ውሃዎች በስፋት የሚገኘው ካርፕ በአገሪቱ የገባበት የመጀመሪያ በር ይህ ነው። ለቱሉ ዲምቱ ቅርብ የሆነ፣ ግን እምብዛም የማይነገር ታሪክ ነው።

ካርፕ ምግቡን የሚፈልገው ወለሉን በአፉ በመቆፈር ነው። ይህ ጠባዩ በሌላ ሐይቅ ውሃ ያደፈርሳል፣ የውሃ ውስጥ ዕፅዋትን ይነቅላል፤ በአባ ሳሙኤል ግን ከዚህም ይልቃል። የሚቆፍረው ደለል ለአሥርት ዓመታት ብረት የተቀመጠበት ነውና የሰከነውን መልሶ ወደ ውሃው ያነሣዋል፤ ራሱም ከዚያው ይመገባል።

እዚህ ላይ ሁለት መልካም ሕጎች ይጋጫሉ። የመጤ ዝርያዎች ሥርዓት «የያዝኸውን መጤ ዓሣ አትመልሰው» ይላል። የተበከለ ውሃ ሥርዓት ደግሞ «ከዚህ የያዝኸውን አትብላ» ይላል። ሁለቱን አጣምሮ የሚጠብቅ አስጋሪ እጁ ላይ የማይለቀውና የማይበላው ዓሣ ይዞ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ አመለካከት ለአባ ሳሙኤል የሚስማማው መፍትሔ ዓሣውን ሳያሠቃዩ ወዲያው መግደልና ከውሃው ርቆ መቅበር ነው። ብክነት ይመስላል፤ በከፊልም ነው። ነገር ግን በአስጋሪ መንጠቆ የካርፕን ቁጥር መቀነስ እንደማይቻል ማመን ስለሚገባ፣ አጥብቆ መያዝ ያለበት ሌላኛው ጎን ነው፦ ካርፕን በሕይወት በባልዲ ይዞ ወደ ሌላ ኩሬ፣ ግድብ ወይም ወንዝ ማዛወር ፈጽሞ አይገባም። የአንድ ሰው በጎ ሐሳብ የአንድን ተፋሰስ ዓሣ ለዘለቄታው ሊለውጥ እንደሚችል አባ ሳሙኤል ራሱ ምስክር ነው።

ይኸው ጥንቃቄ ለእምቦጭም ይሠራል። በአገሪቱ የእምቦጭ መኖር እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ታወቀ፤ በጣና ላይ የተስተዋለው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ተክሉ ከትንሽ ቁራጭ ይበቅላል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ከአባ ሳሙኤል የተመለሰ ጫማ፣ ባልዲ፣ መረብና ክር ታጥቦ በፀሐይ በደንብ ሳይደርቅ ሌላ ውሃ መንካት የለበትም። ይህ ከሁሉ የሚቀልለው፣ ወጪም የማይጠይቀው ሥርዓት ነው፤ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋ ነው።

መያዝና መልቀቅ

ቆሮሶም ሆነ በወንዙ ላይኛው ክፍል የሚገኝ ትንሽ ተወላጅ ዓሣ ሲያዝ መልሶ መልቀቅ ተገቢው ነው። የተለቀቀ ሁሉ ግን አይተርፍም። ዓሣን ከሚገድሉት ነገሮች ዋነኞቹ መንጠቆው የገባበት ቦታ፣ ትግሉ የፈጀው ጊዜና ከውሃ ውጭ የቆየበት ደቂቃ ናቸው። መንጠቆው ከንፈር ላይ ሲያዝ ብዙው ይተርፋል፤ ጉሮሮና ስንጥብ ላይ ሲሆን ብዙው ይሞታል። ወደ ኋላ የዞረው የመንጠቆ ጥርስ በፒንሳ ተጨፍልቆ ሲለሰልስ መንጠቆው በቀላሉ ይወጣል። ክሩ ለዓሣው መጠን እጅግ ቀጭን ሲሆን ትግሉ ይረዝማል፤ «ጨዋታው ይጣፍጣል» የሚሉ ቢኖሩም በኦክስጅን ድሃ በሆነ ውሃ ውስጥ ያ ጣዕም በዓሣው ሕይወት የሚከፈል ነው። እጅን አስቀድሞ ማራስ ደግሞ የዓሣውን ልጣጭ ንፍጥ ከመላጥ ያድናል፤ ያ ንፍጥ ከበሽታ የሚከላከለው የመጀመሪያ አጥር ነው።

ስለ ቆሮሶ አንድ ነገር መጨመር ያሻል። ሴቷ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። ስትያዝና ስትደነግጥ ትተፋቸዋለች፤ እርሷን መልሶ መልቀቅ የተፉትን አይመልስም። በዳር ጥልቀት በሌለው ውሃ በወለሉ ላይ የተቆፈሩ ክብ ጎጆዎች የታዩ እንደሆነ ከዚያ ፈቀቅ ብሎ ማሰገር ከማንኛውም የመጠን ገደብ ይበልጣል። የመጠን ገደቡ በራሱ አስቸጋሪ ነው፤ በተጨናነቀና በተጎዳ ውሃ ውስጥ ያለ ቆሮሶ ገና ትንሽ ሳለ ለእርባታ ስለሚደርስ፣ ከዝዋይ የተወሰደ ገደብ አባ ሳሙኤል ላይ ትርጉም ያጣል።

በሕግ በኩል የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀምን የሚመለከተው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ አፈጻጸሙ በእጅጉ የክልሎችን አቅም ይጠይቃል። የአቃቂ ውሃ የአዲስ አበባ ከተማንና የኦሮሚያን ወሰን የሚያቋርጥ ስለሆነ፣ ቆሻሻው በአንዱ አስተዳደር ውስጥ ተፈጥሮ ዓሣው በሌላው ውስጥ ይያዛል። ይህ ከሕግ ጉድለት ይልቅ የካርታ ችግር ነው።

የፍጥነት መንገዱ ወዴት ያደርሳል?

አቃቂን የሚሸሽ አስጋሪ ከቱሉ ዲምቱ መግቢያ ተነሥቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሊደርስ ይችላል። ይሁን እንጂ መንገዱ ቀድሞ የሚያደርሰው ወደ ቆቃ ነው። አቃቂ ከአባ ሳሙኤል ወጥቶ አዋሽን ይቀላቀላል፣ አዋሽም እ.ኤ.አ. በ1960 ወደ ተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ይገባል፤ የሞጆ ወንዝም ከቆዳ ፋብሪካዎቹ አካባቢ አልፎ እዚያው ይደርሳል። ስለዚህ ከአቃቂ የሸሸው ሰው ቆቃ ላይ የተወውን ውሃ እንደገና ያገኘዋል፤ ሐይቁ በሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ሽፋን መታወቁም ከዚሁ የምግብ ንጥረ ነገር ብዛት ጋር የተያያዘ ነው። ዝዋይ በመቂና በቀታር ወንዞች የሚመገብ በመሆኑ ከአቃቂ ነጻ ነው፤ የራሱ የሆነ የመስኖና የእርሻ ኬሚካል ጫና ግን አለበት። በዚያም ሆነ በሌሎች ሐይቆች ዳር ጥልቀት በሌለውና ዕፅዋት በበዛበት ውሃ ውስጥ በባዶ እግር መቆም የቢልሃርዚያን አደጋ መርሳት ነው።

በንጹሕ ውሃዎች ላይ የብዛት ጥያቄ ሙሉ ኃይሉን መልሶ ያገኛል። በጣና 15 ገደማ ሌላ ሥፍራ የማይገኙ የላቤኦባርበስ ዝርያዎች አሉ። ከእነርሱ በርካታዎቹ በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ወደ ጉማራ፣ ገልዳ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ የሚደረግ ማስገር ከተጀመረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት በጥናት ናሙናዎች የታየው የእነዚህ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ ወረደ። መረቡ የተዘረጋው ወደ እርባታ በሚጓዙበት የወንዝ አፍ ላይ መሆኑ ዋነኛው ምክንያት ነው። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ መበተንም ጉዳቱን ያከፋል፤ በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን ትልቁንም ትንሹንም፣ የሚበላውንም የማይበላውንም አብሮ ይገድላል። ለመዝናኛ የሚሄድ ሰው በዚህ ወቅት ከወንዝ አፎች መራቅ አለበት። በባሌ ወንዞች ያሉት ከኬንያ የመጡ ትራውት ዓሦች ደግሞ መጤ ስለሆኑ እዚያ የሚያሰግር ሰው የያዘውን ቢበላ ሥነ ምኅዳሩን አይበድልም፤ ውሃውም ከአቃቂ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

የገበያው ወቅትም ሊታሰብ ይገባል። በዐቢይ ጾም ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ የዓሣ ፍላጎት በከተማው ይንራል። ለመዝናኛ የተያዘ ዓሣ ወደ ገበያ የመንሸራተት ዕድሉ ከፍ የሚለውም በዚሁ ጊዜ ነው። ገዢው ደግሞ ዓሣው ከየትኛው ውሃ እንደ ወጣ ከመልኩ ሊለይ አይችልም። ራሱ ላለመብላት የወሰነ አስጋሪ ለሌላው ቢሸጠው፣ አደጋውን ለማያውቀው ሰው አሳልፎ ሰጠ እንጂ አላስወገደም።

ስለ ዛጎል

ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም፤ የዛጎልና የሸርጣን ለቀማም በሕዝቡ ዘንድ የተለመደ አይደለም። ለአብዛኛው ክርስቲያን ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ እንስሳ አይበላም፤ በዚሁ ምክንያት አምባዛን እንኳ የማይቀምሱ ብዙዎች ናቸው። ቀይ ባሕር ዳር ግን ነገሩ እጅግ ጥንታዊ ነው፤ በኤርትራ ዙላ ባሕረ ሰላጤ በአብዱር የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎችና ዛጎሎች ሰው ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት በባሕር ዳር ይኖር እንደነበር ያመለክታሉ። በኢትዮጵያ ሳይንስ ውስጥ ዛጎል ለበስ እንስሳት ስም ያገኙት በሌላ መንገድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ለቢልሃርዚያ መከላከያ የሚሆን ምርምር ጀመሩ።

ያ ምልከታ ለአቃቂም ይጠቅማል። ዛጎል ለበሱ እንስሳ ከቦታው የማይሸሽ ስለሆነ ውሃው የሆነውን ሁሉ ይሆናል። አሜሪካ ይህን ተረድታ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በባሕር ዳርቻዎቿ ያሉ ዛጎሎችን ብክለት ለመለካት ትሰበስባለች። በአቃቂ ተፋሰስም ይህ ሊሞከር ይችላል፦ ከዚያው ተፋሰስ የተወሰዱ ዛጎል ለበሶችን በትንንሽ የወንፊት ቋት ውስጥ አድርጎ ከቃሊቲ ማጣሪያ በላይ፣ ከማጣሪያው በታችና በአባ ሳሙኤል ግድብ አጠገብ ማቆየት፤ በበጋና በክረምት እያወጡ ሥጋቸውን መመርመር። ከዚያው ጎን ለጎን የቆሮሶ፣ የአምባዛና የካርፕ ሥጋና ጉበት ተለያይቶ ቢለካ፣ የትኛው ዓሣ በየትኛው ወር እንደሚከፋ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ይገኛል። ዛጎሎቹ ከጣና ወይም ከሌላ ተፋሰስ መምጣት የለባቸውም፤ የካርፑ ታሪክ በተጀመረበት ሐይቅ ላይ ሁለተኛ መጤ መጨመር ይሆናልና። የሥራው ወጪ ከቋቶቹና ከቤተ ሙከራው ኬሚካል ብዙም አይዘልም፤ ከባዱ ነገር ክረምቱ ሲገባ ቋቶቹን ጎርፍ እንዳይወስዳቸው ማሰር ነው።